ለሙከራ የያዝነው ዓሣ ምን ይገባዋል?

ይህ ደሴ ላይ ለተመራቂ ተማሪዎች፣ ለእንስሳት ሐኪሞችና ከሐይቅ ከተማ ለመጡ ጥቂት ዓሣ አስጋሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። በቃል ያልኩትን ብዙም ሳልነካካ ነው የጻፍኩት። በመጨረሻ ከተነሱት ጥያቄዎችም የተወሰኑትን አካትቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ።

ወሎ ውስጥ ዓሣ ላይ ጥናት ለመሥራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የሐይቅ ሐይቅ አለልን፣ የአርዲቦ ሐይቅ አለልን። ከደሴ ሐይቅ ከተማ ለመድረስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪው መረብና ባልዲ ይዞ ይወርዳል። ቆሮሶ ይይዛል፣ አምባዛ ይይዛል፣ ካርፕ ይይዛል። ይለካል፣ ይመዝናል፣ ሆዱን ከፍቶ ምን እንደበላ ያያል፣ ጥገኛ ትል ይፈልጋል። ጥሩ ሥራ ነው፣ ያስፈልገናልም። የኔ ጥያቄ አንድ ነው። መረቡ ውስጥ ከገባበት ሰዓት ጀምሮ ሚዛን ላይ እስኪወጣ ድረስ ዓሣው እንዴት ሆነ?

ይህን ጥያቄ ለአይጥና ለጥንቸል ብጠይቅ ማንም አይገረምም። ዓሣ ላይ ሲደርስ ግን ብዙ ሰው ፊቱ ይለወጣል። አይጮኽማ! ፊቱ አይኮማተርም፣ እንባ የለውም። ባልዲ ውስጥ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ሲሞት የሚያሰማው ድምፅ የጅራቱ ብቻ ነው፣ እሱም ቶሎ ይደክማል።

ታዲያ ያመዋል ወይ? እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና የሥራ ባልደረቦቿ ብሪታንያ ውስጥ ትራውት በሚባለው ዓሣ ላይ ያሳተሙት ጥናት አለ። ዓሣው ፊትና ከንፈር ላይ ጉዳትን የሚለዩ ነርቮች እንዳሉ አገኙ። ከዚያ ከንፈሩ ላይ ለአንዳንዶቹ የንብ መርዝ፣ ለአንዳንዶቹ አሲድ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ምንም የማይጎዳ የጨው ውሃ ወጉ። መርዝና አሲድ የተወጉት የስንጥባቸው ምት በጣም ፈጠነ። ምግብ ቀርቦላቸው ለረጅም ሰዓት አልነኩትም። አሲድ የተወጉት ከንፈራቸውን ከጠጠሩ ጋር ማሸት ጀመሩ። አሲድ ለተወጉት ሞርፊን ሲሰጣቸው ማሸቱም የስንጥባቸው ምትም ቀነሰ። እኔን የያዘኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ነገሩ ዝም ብሎ መወራጨት ቢሆን ኖሮ የሕመም ማስታገሻ ምን ይለውጠው ነበር?

የማይስማሙ ሳይንቲስቶች አሉ። ጄምስ ሮዝና ብራያን ኪ የተባሉት ተመራማሪዎች ዓሣ እኛ ሕመምን የምናውቅበት የአንጎል ክፍል የለውም፣ ስለዚህ የምናየው ነገር ነርቭ የሚሰጠው ምላሽ እንጂ ስቃይ አይደለም ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩን አንብቡት። የኔ አቋም ግን ግልጽ ነው። ወፍም እንደኛ ያለ አንጎል የላትም፣ ክንፏ ሲሰበር ግን አይሰማትም ብሎ የሚከራከር አላጋጠመኝም። ያመዋል ብለን ተጠንቅቀን ብንሳሳት የምናጣው ትንሽ ድካምና ትንሽ ገንዘብ ነው። አያመውም ብለን ብንሳሳት ግን ዕዳው ሌላ ነው።

ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። እዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ቤት ሲታረድ ሥርዓት አለ። ስም ሳይጠራ ቢላ አይነሳም። ቢላው መሳል አለበት፣ እንስሳው ፊት ግን አይሳልም። አንዱን በሌላው ፊት ማረድ ነውር ነው። አያቶቻችን ይህን የጠበቁት ላቦራቶሪ አይተው አይደለም። ዓሣ ግን አይታረድም። ከውሃ ወጥቶ በራሱ ይሞታል ተብሎ ከዚያ ሥርዓት ውጭ ቀረ። ለምግብ ሲሆን የየሃይማኖቱ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልገባበትም። ለሳይንስ ሲሆን ግን እኛ ነን የምንወስነው። እኛ ደግሞ ሥርዓት ሳንሠራለት ነው የቆየነው።

ሌላው ዓለም ሠርቶለታል። እ.ኤ.አ. በ1959 ራስልና በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምባቸውን ሦስት ጥያቄዎች አስቀመጡ። ያለ እንስሳ ሊሠራ ይችላል ወይ? ካልተቻለ በትንሽ ቁጥር ይሆናል ወይ? ለሚቀሩት ደግሞ ስቃዩን መቀነስ ይቻላል ወይ? የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ ዓሣን በግልጽ ያካትታል። የጀርባ አጥንት ያለው ሕይወት ያለው እንስሳ ሁሉ ይጠበቃል ይላል፣ ከእንቁላል ወጥቶ በራሱ መመገብ የጀመረ ጫጩት ዓሣ እንኳን ሳይቀር። ዜብራ ፊሽ በምትባለው፣ በዓለም ላቦራቶሪዎች በብዛት በምትረባው ትንሽ ዓሣ ይህ የሚቆጠረው እንቁላሉ ከዳበረ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ ነው። ካናዳም እ.ኤ.አ. በ2005 ለዓሣ ብቻ የሚሆን መመሪያ አውጥታለች። በአገራችን የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ትኩረቱ ሀብቱ እንዳይራቆት ነው። ተገቢ ነው። ገንዳ ውስጥ ስላለው አንድ ቆሮሶ ግን እናንተው ትናገሩለታላችሁ።

አሁን ወደ ውሃው እንግባ። ዓሣ ቤቱም፣ አየሩም፣ ሽንት ቤቱም ውሃው ነው። መመሪያዎቹን ከውጭ አውርዳችሁ ስትሠሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙዎቹ የተጻፉት ቆላ ላይ፣ ባሕር ጠለል አጠገብ በተሠራ ላቦራቶሪ ልምድ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው፣ ስለዚህ ውሃው መያዝ የሚችለው ኦክስጅንም ያንሳል። 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። ያው ውሃ እዚህ ሞልቶ ሞልቶ 6 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ ስትወርዱ ትንሽ ይሻላል። መሣሪያችሁ መቶ በመቶ ቢላችሁ አትዘናጉ። መቶኛውን ትታችሁ በሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንደሆነ እዩ። መጽሐፉ በአንድ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ ቢልም ደሴ ላይ ያንን ቁጥር አትከተሉ፣ ቀንሱ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጊዜ የላችሁም። ዓሣ የሞላበት ገንዳ ፓምፑ ቆሞ ብዙ አይቆይም። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ሳይኖራችሁ ሙከራ አትጀምሩ። ይህን እንደ ምክር አትዩት፣ ፓምፑ ከሌለ ዓሣ አታምጡ።

ብርዱም አለ። ቆሮሶ የሙቀት ዓሣ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምግብ እየተወ ይሄዳል። ደሴ ላይ ማሞቂያ በሌለው ክፍል ሌሊቱን ያደረ ባልዲ ጠዋት እጃችሁን ብትነክሩበት ታውቁታላችሁ። ከዚያ ተማሪው ‘አዲሱ መኖ ዕድገት አላመጣም’ ብሎ ይጽፋል። መኖው ምን አደረገ? ዓሣው በርዶት ነው ያልበላው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ስንጥብን ያቃጥላል። አየር እየተነፋበት አንድ ቀን ይደር ወይም ክሎሪን ማጥፊያ ይጨመርበት። ዓሣ ደግሞ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ ውሃው ሲሞቅና ፒኤቹ ከፍ ሲል (አሲድነቱ ሲቀንስ) አሞኒያው መርዝነቱ ይበረታል። ስለዚህ የተረፈ መኖ ገንዳው ሥር አይደር።

ስለ ቁጥር ስናወራ ሁሉም ሰው ‘ሰፋ ያለ ቦታ ስጡት’ የሚል ይመስለዋል። ለቆሮሶ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ወንድ ቆሮሶ ጥቂት ሆኖ ሰፊ ገንዳ ሲያገኝ ግዛት ይይዛል። አንዱ አለቃ ይሆናል፣ ሌሎቹን እያሳደደ ይነክሳል። የተሸነፈው መልኩ ይጠቁራል፣ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ መኖ ሲመጣ አይቀርብም። በዛ ሲሉ ግዛት መያዝ ስለሚያቅት ድብድቡ የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ ግን ያኔ ውሃው ይጨናነቃል። መካከሉን የምታገኙት በዓይናችሁ እያያችሁ ነው። አምባዛ ደግሞ ሌላ ነው። ጨለማ ይወዳል፣ መደበቂያ ይፈልጋል። ከግልገሎቹ መካከል አንዱ ከሌላው በጣም ከበለጠ ይበላዋል። በመጠን ካልለያችኋቸው በየጠዋቱ ቁጥር ይጎድልባችኋል።

አያያዝ ላይ ቶሎ ልለፍ። እጃችሁ ደረቅ ሆኖ ዓሣ አትንኩ። ያ የሚያሙለጨልጨው ሽፋን በሽታ መከላከያው ነው፤ በደረቅ ጨርቅና በሻካራ መረብ ከተፋቀ በኋላ ሻጋታው ይከተላል። ሚዛኑም መለኪያውም አስቀድሞ ይዘጋጅ። ዓሣው ከወጣ በኋላ እስክሪብቶ ፍለጋ አይኬድም። ደም ለመውሰድ ገንዳ ውስጥ አሥር ደቂቃ ካሳደዳችሁት የምታገኙት የስኳርና የኮርቲሶል (የጭንቀት ሆርሞን) መጠን የማሳደዱ ውጤት ነው፣ ስለ ዓሣው ጤና የሚነግራችሁ ነገር የለም።

አሁን ዋናውን ነገር ላንሳ። ሞቱን።

የመስክ ናሙና አብዛኛው የሚያልቀው በሞት ነው። ሞቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለማንም አልተመደበም። ጀልባው ወለል ላይ ይጣላል፣ ወይም ባልዲ ውስጥ ይከማቻል፣ ሥራው ሲደርስ ሞቶ ይገኛል። ቆሮሶ እንዲህ ሲተው ቶሎ አይሞትም፣ ብዙ ደቂቃ ይወስድበታል። አምባዛማ አየር የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ቆዳው እርጥብ ከሆነ ለሰዓታት ይኖራል። ጠዋት ያወጣችሁት አምባዛ ከሰዓት በኋላ ሆዱን ስትከፍቱት ሕይወት ሊኖረው ይችላል። ይህን ቆም ብላችሁ አስቡት።

በረዶ ላይ መጣልም መፍትሔ አይደለም። ትልቅ ዓሣ ቀስ እያለ ይበርዳል፤ ጡንቻው ቀድሞ ስለሚተሳሰር መንቀሳቀስ ያቆማል፣ እኛም ሞተ ብለን እንሄዳለን።

ለቆሮሶና ለካርፕ ሐይቁ ዳር የሚሠራው አጭር ቆመጥ ነው። ዓሣውን በእርጥብ ጨርቅ ትይዙታላችሁ። ከዓይኑ ከፍ ብሎ፣ አንጎሉ ካለበት ላይ፣ አንድ ጊዜ አጥብቃችሁ ትመታላችሁ። በልክ ያልተመታ ዓሣ ሁለት ጊዜ ይሰቃያልና እጃችሁ እስኪለምድ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሥሩ። ከዚያ ስንጥቡን እዩ፣ መንቀሳቀስ ማቆም አለበት። ዓይኑንም እዩ። ዓሣውን በእጃችሁ ወደ ጎን ዘንበል፣ ቀና ስታደርጉት የነቃ ዓሣ ዓይኑን ያዞራል፣ ውሃው ልክ ላይ ሊያቆየው ይሞክራል። ራሱን የሳተ ዓሣ ግን ዓይኑ ከጭንቅላቱ ጋር አብሮ ይዞራል፣ ተተክሎ ይቀራል። ይህን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ዓይኑ ተተክሎ ከቀረ በኋላ ወዲያው ስንጥቡ ሥር ቆርጣችሁ ደሙን ታፈሳላችሁ ወይም አንጎሉን በሹል ብረት ታጠፋላችሁ። ይህ ሁለተኛው እርምጃ አይዘለልም፣ አለዚያ ሊነቃ ይችላል።

ለአምባዛ ቆመጡን አልመክርም። ጭንቅላቱ ሰፊ አጥንት ነው፣ ምቱ አይገባም። ማደንዘዣ ይሻለዋል። ኤምኤስ-222 የሚባለው በዓለም በብዛት የሚሠራበት ነው፤ ውሃውን ስለሚያኮመጥጥ በቤኪንግ ሶዳ ማለዘብ ግድ ነው። እሱ ካልተገኘ የቅርንፉድ ዘይት አለ። አዎ፣ ሻይ ውስጥ የምንጨምረው ቅርንፉድ ዘይት። በውሃ ስለማይሟሟ መጀመሪያ በአልኮል ይበጠበጣል። ዓሣው መጀመሪያ ትንሽ ይረበሻል፣ ከዚያ ሚዛኑን ይስታል፣ በጎኑ ይተኛል፣ ጅራቱን ብትቆነጥጡት መልስ አይሰጥም። ስንጥቡ ከቆመ በኋላም ቢያንስ 10 ደቂቃ ይቆይ። ለአምባዛ ከዚያም በላይ ጠብቁ፣ ምክንያቱም በስንጥቡ ብቻ አይደለም የሚተነፍሰው። ከዚያ አንጎሉን ማጥፋት።

አደራ የምላችሁ አለ። መድኃኒት የገባበት ዓሣ ለምግብ አይውልም። ለአስጋሪው አይመለስም፣ ሆቴል አይሄድም። ዓሣው ለገበያ የሚሆን ከሆነ ቆመጡን ተጠቀሙ።

መረቡንም እንይ። ማታ ተጥሎ ጠዋት የሚነሳ መረብ ውስጥ የገባ ዓሣ ሌሊቱን ሙሉ ተይዞ ያድራል። ሆዱ ውስጥ የነበረው ይፈጫል ወይም ይተፋዋል። የአመጋገብ ጥናት ከሆነ ሥራችሁም እዚያው ሞተ ማለት ነው። መረቡን ቶሎ ቶሎ አንሱ። ይህ ለዓሣውም ለመረጃውም ነው።

እስኪ ደግሞ ስለ መርዛማነት ሙከራ። ኮምቦልቻ አካባቢ የፋብሪካ ፍሳሽ ማጥናት የሚፈልግ ተማሪ አይጠፋም። የተለመደው መንገድ ዓሣዎቹን በተለያየ መጠን በተበከለ ውሃ ውስጥ 96 ሰዓት አስቀምጦ ግማሾቹ የሚሞቱበትን መጠን መፈለግ ነው። አማራጭ ግን መጥቷል። ኦኢሲዲ (የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ2013 በዜብራ ፊሽ ሽል የሚሠራ ሙከራ አጸደቀ፣ በ2021 ደግሞ ከትራውት ስንጥብ በወጣ ሴል የሚሠራ። ሽሉና ሴሉ እዚህ ባይኖርም፣ ጥያቄው በእርግጥ ሞት መቁጠር ይፈልጋል ወይ? ዓሣው ሚዛኑን ሲስት፣ ውሃው ገጽ ላይ ወጥቶ አየር ፍለጋ አፉን ሲከፍት ሲዘጋ ውጤቱ ታውቋል። እዚያ ላይ አቁሙና አሳርፉት። የሚቆምበትን ምልክት ሙከራው ሳይጀመር ወረቀት ላይ ጻፉ፤ በመሃል ከሆነ ሰው ‘ትንሽ ልይ’ ማለቱ አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ መጣ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ተነሱ። አስጋሪ ናቸው። “ልጄ፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን ጀልባ ላይ ጥለነው ነው የሚሞተው። እንግዲህ በደለኞች ነን?” አሉ። እንዲህ አልኳቸው። አባቴ፣ እርስዎ ልጅ ለማሳደግ ነው የሚያሰግሩት። እኔ የምናገረው ዲግሪ ለማግኘት ዓሣ ለሚገድለው ሰው ነው፣ የሱ ኃላፊነት ይበልጣል። ግን ከጠየቁኝ አይቀር፣ ቶሎ የተመታ ዓሣ ሥጋው የተሻለ ይቆያል። ሲወራጭ የሞተ ጉልበቱን ስለሚጨርስ ሰውነቱ ቶሎ ይገተራል፣ ከዚያ ሥጋውም ቶሎ ይለሰልሳል። ራሳቸውን ነቀነቁና “እሱስ እውነት ነው፣ የተወራጨውን እኛም እናውቀዋለን” አሉ። ከኔ ንግግር ሁሉ ተማሪዎቹ ማስታወሻ የያዙት እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ተማሪ “አማካሪዬ ዓሣ ጨምሪ ቢለኝስ?” አለች። ለምን እንደሚጨመር በስሌት ያሳይሽ። ልታገኚው የምትፈልጊው ልዩነት ስንት እንደሆነ፣ ዓሣዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚለያዩ ታውቆ ቁጥሩ አስቀድሞ ይወጣል። ማነስም ጥፋት ነው። ምንም ሊያሳይ በማይችል ቁጥር የተሠራ ሙከራ ያሉትን ዓሣዎች በከንቱ ገደለ ማለት ነው። ደግሞ ለሆድ ዕቃና ለትል ጥናት አዲስ ዓሣ ለምን ትገድያለሽ? ሐይቅ ከተማ ገበያ ሂጂ። አስጋሪዎቹ ያወጡት ዓሣ አለ፣ ሆድ ዕቃውን ይጥሉታል። አስፈቅደሽ ውሰጂ። መረቡ ስንት ሰዓት እንደቆየ ግን ጠይቀሽ መዝግቢ።

ሌላው “የእንስሳት ሙከራ ዕቅድ የሚገመግም ኮሚቴ ከሌለንስ?” አለ። ሦስት ሰው ሰብስቡ። አንድ የእንስሳት ሐኪም፣ አንድ ስታቲስቲክስ የሚያውቅ፣ አንድ ከሙያው ውጭ የሆነ አስተዋይ ሰው። ዕቅዳችሁን ያንብቡ፣ ይጠይቋችሁ። በጽሑፋችሁም ስንት ዓሣ እንደያዛችሁ፣ ስንቱ በመንገድ እንደሞተ፣ በምን እንደገደላችሁ ይውጣ። ዓለም አቀፍ መጽሔቶች ብዙዎቹ ይህን ይጠይቃሉ፤ ጽሑፋችሁ በዚህ ምክንያት ሲመለስ ዓሣዎቹ አንዴ ሞተዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ የበዓል ነበር። ገንዳው በዓል አያውቅም፣ ማን ይጠብቀዋል? ይሄ ወሎ ላይ ቀላል ነው። ለጥምቀትና ለፋሲካ ሙስሊሙ ይግባ፣ ለዒድና ለመውሊድ ክርስቲያኑ። ተራው ከሴሚስተሩ መጀመሪያ ይውጣ፣ የተረኛው ስምና ስልክ በሩ ላይ ይለጠፍ። ለጥበቃውም ንገሩት። ሌሊት መብራት ከጠፋ እስኪነጋ አይጠብቅ፣ ወዲያው ይደውል።